ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት የጎረቤት ቤት ይታይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ስለ ግንባታ ስትጽፉ ሁልጊዜ የምታወሩት ስለሚሠራው ሕንፃ ነው። ስንት ፎቅ እንዳለው፣ ስንት ብር እንደፈጀ፣ መቼ እንደሚመረቅ። እስቲ አንድ ቀን ደግሞ ከአጥሩ ወዲህ ስላለነው ሰዎች ጻፉ። ካልሆነም ይቺን ደብዳቤ አውጡልኝ።

የምኖረው ኡራኤል አካባቢ ነው። ቤቱን የሠሩት ወላጆቼ ናቸው። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ እንደ ብዙው የሰፈራችን ቤት ነው። ከጎናችን የነበረው ቪላ ተሸጠ፣ ፈረሰ፣ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጠረ፣ ታፔላ ተተከለ። ታፔላው ሁለት ቤዝመንትና 12 ፎቅ ይላል። ከታች ሱቅ፣ ከላይ ቢሮ።

ይሁን። ቦታው በከተማው ፕላን ቅይጥ ነው፣ ለመኖሪያም ለንግድም ይሆናል ተብያለሁ፣ ፈቃድም አላቸው፣ በዚህ አልሟገትም። መሀል አዲስ አበባ እየኖርኩ ፎቅ አይሠራብኝ ብል ማን ይሰማኛል? ልጆቻችንም ሥራ የሚገቡት እዚያው ፎቅ ላይ ነው። የኔ ነገር ሌላ ነው።

ሁለት ቤዝመንት ማለት ቁፋሮ ማለት ነው። የኛ ግቢ አፈር ጥቁር ነው፤ የጥቁር አፈር ጠባይ ደግሞ ይታወቃል፣ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። እሱን ከአጥራችን ሥር ቀጥ አድርገው ቆረጡት። ያለ ምንም ድጋፍ። መሐንዲሶች ሾሪንግ የሚሉት ነገር አለ፣ የጉድጓዱ ዳር እንዳይናድ አፈሩን የሚይዝ ድጋፍ ነው፣ ግን ብር ይፈጃል፣ ጊዜም ይወስዳል፣ ስለዚህ ብዙ ሳይት ላይ የምታዩት እንዲሁ የቆመ አፈርና በላዩ ጣል የተደረገ ላስቲክ ነው። ጎናችን ያለውም እንዲያው ነው።

መጀመሪያ የጓዳው በር አልዘጋ አለ። ቀጥሎ ከሳሎኑ መስኮት ማዕዘን ሥር ፀጉር የምታክል መስመር ወጣች። የጎረቤቴ ልጅ ምህንድስና ተምሯል። መጣና ስንጥቁን አሻግሮ ትንሽ ጄሶ ለጠፈበት፣ በእስክሪብቶም ቀን ጻፈባት። "እትዬ፣ ይቺ ከተሰበረች ግድግዳው እየሄደ ነው ማለት ነው" አለኝ። ጄሶዋ ተሰበረች። ሌላ ለጠፈ፤ እሷም ከመሀል ለሁለት ተከፈለች። አሁን ስንጥቁ ውስጥ ሳንቲም በጎኑ ይገባል።

ፎርማኑን ጠርቼ አሳየሁት። ጨዋ ልጅ ነው፣ አላስቀየመኝም። ጎንበስ ብሎ አየና "እናቴ፣ ይሄ እኮ የቆየ ነው፣ ቤቱ አርጅቷል" አለኝ። ጄሶውን ሳሳየው "እሱን እንግዲህ ለባለቤቱ ይንገሩ" አለ። ባለቤቱን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ታፔላው ላይ ያለው ስልክ አይነሳም። የዕድራችን ሊቀመንበር ሽማግሌ ይዘው የባለቤቱ ቢሮ ድረስ ሄደው ነበር፣ ጸሐፊዋ ሻይ ጋብዛ ሸኘቻቸው።

አቤቱታ ይዤ የሚመለከተው ቢሮም ሄጃለሁ። ነገ ነይ፣ ሰውየው ስብሰባ ነው፣ መኪና የለም፤ ይሄን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላደክማችሁም። በመጨረሻ አንድ ባለሙያ ፋይሉን ከፍቶ የጠየቀኝን ነው የምነግራችሁ። "ቤትዎ ከቁፋሮው በፊት ደህና እንደነበረ በምን ያረጋግጣሉ?"

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ትክክል ነው። ግን ማነው የሳሎኑን ግድግዳ ፎቶ አንስቶ የሚያስቀምጥ? እኛ ግድግዳ ፎቶ የምናነሳው ሙሽራ ሲቆምበት ነው። አትሳቁብኝና እኔም ይኸው የምከራከረው በእህቴ ልጅ የሠርግ ፎቶ ነው፤ ከሙሽሪት ቬሎ በስተቀኝ መስኮቱ ይታያል፣ ከሥሩ ያለው ግድግዳ አንድም ስንጥቅ የለውም። ባለሙያው ፎቶውን አየና "ያምራል" ብሎ መለሰልኝ።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለንብረት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳና እንዳያስቸግር ይከለክላል። ጭሱን፣ ጥላሸቱን፣ ሽታውን፣ ጩኸቱን፣ መንቀጥቀጡን ሳይቀር ጠቅሶ ከጉርብትና ልክ አይለፍ ይላል። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም ግንባታ የሰውን ደህንነትም ሆነ ሌላውን ግንባታ በማይጎዳ መንገድ እንዲካሄድ፣ ቁፋሮ ሲኖር ደግሞ የቦታው ባለቤት አስቀድሞ ጥንቃቄ እንዲያደርግ ደንግጓል። ታዲያ ይሄ ሁሉ ተጽፎ "ድሮም የተሰነጠቀ ነው" በምትል አንዲት ቃል ውድቅ ይሆናል። ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም የወደቀው ቤቷ በተሰነጠቀባት ሴትዮ ላይ ነዋ።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ከፈቃድ ሰጪው አንድ ባለሙያ፣ የሕንፃው ባለቤት ወይም ወኪሉ፣ እና አጥር የሚጋራው ጎረቤት አንድ ላይ ሆነው ቤቱን ዞር ዞር ብለው ይዩት። ያለው ስንጥቅ ይመዝገብ፣ የሌለውም እንደሌለ ይመዝገብ፣ ፎቶ ይነሳ፣ ሦስቱም ይፈርሙ፣ አንዱ ኮፒ ከፈቃዱ ፋይል ጋር ይያያዝ። ይሄ ሳይያያዝ ኤክስካቫተር አይግባ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለባለ ሕንፃውም እኮ ይጠቅመዋል፣ ከአባቴ ዘመን ጀምሮ የነበረ ስንጥቅ ሁሉ እሱ ላይ አይለጠፍበትም። ኢንሹራንስ የሚሠራ ዘመድ አለኝ፤ ኮንትራክተሮች ለሳይታቸው በሚገቡት መድን ውስጥ ለሦስተኛ ወገን ጉዳትም ሽፋን እንዳለ ነግሮኛል። ሦስተኛ ወገን ማለት እኔ ነኝ። መድን ግን የሚከፍለው ወረቀት ሲያይ ነው።

ስለ ሌሊቱ ብዙ አልልም። ከባድ መኪና ቀን ቀን መሀል ከተማ እንደልቡ ስለማይገባ አፈሩ የሚጫነው ሌሊት ነው፤ ምክንያቱ ይገባኛል። በአገራችን መለኪያ መሠረት በመኖሪያ ሰፈር የድምፅ ጣሪያው ቀን 55 ዴሲቤል ነው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ደግሞ 45። እኔ መለኪያ መሣሪያ የለኝም፣ ሲኖትራክ ወደኋላ ሲሄድ ብርጭቆዎቹ ቁምሳጥን ውስጥ ሲንጫጩ ግን እሰማለሁ። አቧራውንም ትተነዋል፣ በርበሬ ግቢ ማስጣት ካቆምን ቆየን።

የደላሎቹን ነገር ግን አላልፈውም። የስንጥቁ ወሬ ከሰፈር እንደወጣ መምጣት ጀመሩ። "እትዬ፣ ቤቱ መውደቁ አይቀርም፣ ሳይወድቅ ይሽጡት" ይሉኛል፣ የሚሉት ዋጋም ያው የሚወድቅ ቤት ዋጋ ነው። ሆን ተብሎ ነው አልልም፣ የማላውቀውን አልናገርም። ነገር ግን ሾሪንጉን ትቶ ብሩን ያተረፈ ሰው የጎረቤቱ ቦታም በዚያው የሚረክስለት ከሆነ፣ ነገ ማን ደክሞ ድጋፍ ይሠራል?

አሁን ክረምት እየመጣ ነው። ያ የቆመ አፈር ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን ለመናገር መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የኔ ቤት እንኳ ይቆይ፣ ቀኑን ሙሉ ጉድጓዱ ሥር ቁጭ ብለው ፌሮ የሚያስሩ ልጆች አሉ፣ የቀን ሠራተኞች፣ አንዳንዶቹ ገና ከገጠር የመጡ። እኔ ስንጥቅ ባይ ከቤት እወጣለሁ፣ እነሱ ግን ከላይ የሚሆነውን አያዩም። የሚመለከታችሁ አካላት ይሄን ካነበባችሁ፣ ሰኔ ሳይገባ መጥታችሁ ጉድጓዱን እዩት፣ ዳሩ እስኪደገፍም ሥራው ይቁም። ለማየት ከኛ ግቢ ይሻላል፣ በሩ ክፍት ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከኡራኤል