ተጫዋቾች የሚማሩበት ጊዜ ይሰጣቸው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በስፖርት ገጻችሁ ስለ ላይቤሪያዊው የቀድሞ ኳስ ተጫዋች ጆርጅ ዊሃ የወጣውን አስተያየት አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጸሐፊው ኳስ ተጫዋች ፖለቲካ ውስጥ ምን አገባው ይላሉ። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ልጄ የግራ መስመር ተከላካይ ነው፤ በኤክስቴንሽን ደግሞ ሕግ ይማራል።

ጸሐፊው የዘለሉት ነገር አለ። ዊሃ በ1995 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የዓለም ኮከብ ተጫዋች ተባሉ። በ2005 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው በኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ተሸነፉ። ያኔ ብዙ የተባለባቸው «አልተማሩም» ተብሎ ነው። ሄደው ተማሩ። በጎልማሳ ዕድሜያቸው ሁለተኛ ደረጃን ጨረሱ፤ ዲግሪም ያዙ። በ2018 የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። አስተዳደራቸው ይተች፣ የሚተችም አለው። በ2023 ሲሸነፉ ግን የመጨረሻው ውጤት ሳይታወጅ ለጆሴፍ ቦአካይ ደውለው እንኳን ደስ አለዎት አሉ። በአህጉራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ አብዝቼ የምወደው ግን የአለን ፔጅን ታሪክ ነው። እሳቸው የተጫወቱት አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉትን፣ ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን ጨዋታ ነው። ተከላካይ ነበሩ። በ1971 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባሉ፤ ከተከላካዮች ይህን ያገኙ የመጀመሪያው ናቸው። እየተጫወቱ ሕግ ተምረው በ1978 ተመረቁ። ጫማ የሰቀሉት ከዚያ በኋላ በ1981 ነው። በ1992 ዳኛ በሕዝብ በሚመረጥባት በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት ለመወዳደር ሲነሱ፣ አገረ ገዥው የነባሩን ዳኛ የሥራ ዘመን አራዝመው ምርጫው ሊቀር ሆነ። ፔጅ ከሰሱ። ረቱ። ሕዝቡም መረጣቸው። በዚያ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆነው፣ 70 ዓመት ሞልቷቸው ሕጉ እስኪያሰናብታቸው ድረስ አገለገሉ። መዝገብ ሳገላብጥ ለኖርኩ ሰው ያቺ ክስ ከዋንጫ ትበልጣለች።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ዓምና የልጄ የሴሚስተር ፈተና ከሜዳ ውጪ ከሚደረግ ጨዋታ ጋር ገጠመበት። ክለቡ ወይ ደብተርህን ወይ ማሊያህን ምረጥ አለው። ደመወዙ ስለሆነ ሄደ፤ ፈተናው አመለጠው። በዚያ ጨዋታ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው የዋለው። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጉልበት አንዴ ከተጎዳ ክለቡ ውል አያድስም። የልጄ ጓደኛ ጅማቱ ተበጥሶ በ24 ዓመቱ ከኳስ ወጣ፤ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ሥራው የተከበረ ነው፣ ግን ማትሪክ ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጅ ነበር። አባቴ ስለ ድሮው በላ ልበልሃ ሲያወሩ ፊታቸው ይበራ ነበር። ጎጃም ተሟጋች የሚከበርበት አገር ነው። ልጃችን ኳሱንም ሙግቱንም ቢችል ምን ነውር አለው?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የተጫዋቹ ውል ላይ የፈተና ቀን ፈቃድ አንድ አንቀጽ ሆኖ ይግባ። ዩኒቨርሲቲዎችም ጨዋታ ለገጠመበት ተማሪ ምትክ ፈተና ይስጡ። ጋዜጣችሁ ክለቦቹን ይህን ቢጠይቅልን፣ መልሳቸውንም ቢያወጣው ደስ ይለኛል።

አንዲት እናት፣ ከደብረ ማርቆስ