«ስፖክ ይሙት!» — የንባብ ክበባችን የዘንድሮ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ያነበበው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። ዕቅዳችን ላይ የተጻፈው አራት ነበር። ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጣት መቀሰር አያስፈልግም። አንዱን ግን አንጀታችን እስኪርስ አነበብነው።

ሌላው ሌላው በአጭሩ ይለፍ። በወላጆች ቀን ግጥም አቅርበናል፤ ማይኩ እየተቋረጠ ግማሹ አልተሰማም። ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጎብኝተናል፤ እሱን የታሪክ ክበብ ይጻፈው። ጉዞው የእነሱ ነበር፣ እኛ ተለጥፈን ነው የሄድነው። ወደ መጽሐፉ ልግባ።

ጥቅምት ላይ 23 ልጆች ተመዘገቡ። እኔ በሆዴ ይዤ የመጣሁት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነበር። አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ግን ከመደርደሪያው ጥግ ሽፋኑ የተላጠ ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መዘዘ። ርዕሱን ጮክ ብሎ አነበበና እዚያው ተረጎመው፤ «ስፖክ ይሙት!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በእኛ ዘንድ የሰው ስም ጠርቶ «ይሙት» ማለት መሐላ ነዋ! እንግሊዝኛው «መሞት አለበት» ማለቱ እንደሆነ ላስረዳ ሞከርኩ። ማን ሰምቶኝ። ከዚያች ረቡዕ ጀምሮ የቤት ሥራውን ያልሠራ ሁሉ «ቲቸር፣ ስፖክ ይሙት ሠርቼዋለሁ፣ ደብተሬን ነው የረሳሁት» ይለኛል። ምርጫው በዚሁ አለቀ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ።

መጽሐፉ «ስታር ትሬክ» ከሚባለው፣ በጠፈር መርከብ ስለሚጓዙ ሰዎች ከሚተርከው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም የተወለደ ነው። ስፖክም ከመርከቧ መኮንኖች አንዱ ነው። ፊልሙ ኤን ቢ ሲ በሚባለው ጣቢያ ከ1966 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ታይቶ በ79 ክፍሎች ተቋረጠ። ጄምስ ብሊሽ የተባለው ደራሲ ከ1967 ጀምሮ የፊልሙን ክፍሎች ወደ አጫጭር ልቦለድ እየለወጠ ያሳትም ነበር። በ1970 ደግሞ በፊልሙ ያልታየ፣ ራሱ የፈጠረውን ታሪክ ጻፈ። የእኛው መጽሐፍ እሱ ነው። ሰውዬው ተራ ቀጂ አልነበረም። ከዚያ በፊት በ1959 ሁጎ የተባለውን ትልቅ የሳይንስ ልቦለድ ሽልማት በሌላ መጽሐፉ ወስዷል።

ይህን ሁሉ ተናግሬም አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ አልተዋጠለትም። «ቲቸር፣ ከቲቪ የመጣ መጽሐፍ ደግሞ መጽሐፍ ነው?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም በውስጤ ከእሱ ጋር ነበርኩ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የፊልሙ ስም ትኩስ ሳለ በችኮላ ተጽፎ የሚሸጥ ዕቃ ይመስለኝ ነበር።

መልሱ የመጣው ካላሰብነው ቦታ ነው። የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ ካርድ እየደረደሩ ይሰሙን ነበርና ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ እኔ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን መጀመሪያ ያወቅኩት በሬዲዮ ነው። እስከ ዛሬ መጽሐፉን ስገልጥ የሚሰማኝ የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ታዲያ መጽሐፉ መጽሐፍ መሆኑ ቀረ?»

ልጁም አልለቀቀም። «እትዬ፣ እሱ ከመጽሐፍ ወደ ሬዲዮ ነው የሄደው። ይሄ ከቲቪ ወደ መጽሐፍ ነው የመጣው።»

«ከጅማ አዲስ አበባ የሚወስደውም፣ ከአዲስ አበባ ጅማ የሚያመጣውም ያው አንድ መንገድ ነው» አሉና ወደ ካርዳቸው ተመለሱ።

ያለን አንድ ቅጂ ብቻ ነበር። እሱም በሁለተኛው ሳምንት ሙጫው ለቀቀና አምስት ቦታ ተከፈለ። ተበሳጨሁ። ልጆቹ ግን ደስ አላቸው፤ አሁን አምስት ሰው ባንድ ጊዜ ማንበብ ይችላላ! እያንዳንዱን ቁራጭ በካኪ ፖስታ አድርገን ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ጻፍንበት። መጽሐፉ ራሱ ከመቶ ገጽ ብዙም አይበልጥም። እንግሊዝኛው ለከበደው እኔ በየሳምንቱ በአማርኛ እተርክለታለሁ። ቀልዱ ሲመጣ በኦሮምኛ የሚደግሙት ራሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ችግር መልክ ነበር። ብሊሽ የጻፈው ፊልሙን ለሚያውቅ ሰው ነው። ስፖክን ሲያስገባው እንደ ጎረቤት ነው የሚያስገባው፤ አይንደረደርም። የእኛ ልጆች ደግሞ ተከታታዩን አንድም ቀን አላዩትም። እስቲ ሳሉት አልኳቸው። አንዱ ጎፈሬ አበጀለት። ሌላው መነጽር አደረገለት፤ ቁርጥ የፊዚክስ መምህራችንን። (መምህሩ ሥዕሉን ወስደውታል።) አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ብቻ በወንድሟ ፍላሽ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣውን የሲኒማ ፊልም አይታለች። ለእሷ ስፖክ ማለት ዛካሪ ኩዊንቶ ነው። እኔ የድሮውን ተዋናይ የሌናርድ ኒሞይን ፎቶ በስልኬ ሳሳያቸው ተቆጣች። «ውይ ቲቸር፣ እሱማ ሽማግሌው ስፖክ ነው!» አልተሳሳተችም። በዚያ ፊልም ላይ ኒሞይ ያረጀውን ስፖክ ሆኖ ይመጣል።

በአስተያየት ወረቀቷ ላይ ከአሥር አራት ነው የሰጠችው። ምክንያቷ «የኔ ስፖክ እንዲህ አያወራም» የሚል ነው። ምንም ያላዩት ሰባትና ስምንት ሰጡ። ፊልሙን ማወቅ ለንባቡ ይረዳል ብዬ ነበር የማስበው። እዚህ ግን የጎዳው ያወቀውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በመርከቧ ላይ ሰውን በትኖ ሌላ ቦታ መልሶ የሚገጣጥም ማሽን አለ። ልጆቹ «ላኪው» ብለው ስም አወጡለት። መጽሐፉ የሚጀምረው በዚህ ማሽን ላይ በሚነሳ ክርክር ነው። ሐኪሙ ማኮይ ይጨነቃል። ሰውየው ከተበተነ ሞቷል ማለት አይደለም ወይ? ወዲያ ማዶ የሚወጣው እሱ ራሱ ነው ወይስ ግልባጩ? ነፍሱስ?

እዚህች ገጽ ላይ ሦስት ረቡዕ ቆየን።

አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ አባቱ ፍሩስታሌ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። እሱ ነገሩን ባንዴ አቀለለው። «ቢሮ ስትሄድ ኦሪጅናልና ኮፒ ይዘህ ና ትባላለህ። ኮፒውን ያስቀሩና ኦሪጅናሉን ይመልሱልሃል። ይሄ ማሽን ግን ኦሪጅናሉን ቀዶ ኮፒውን ነው የሚልከው። እኔ ብሆን አልገባበትም።» ጠቅላላ ክበቡ ዝም አለ። ከዚያ አንዷ «እኔ ግን ፈተና ካለፈኝ እገባበታለሁ» አለችና ጫጫታው ቀጠለ።

ነፍስን ያነሱት ራሳቸው ናቸው፤ እኔ እንኳ ፈርቼ ነበር። ክበባችን ውስጥ ሙስሊም፣ ኦርቶዶክስ፣ ፕሮቴስታንት አለ። የፈራሁት አልደረሰም። ሩሕ የፈጣሪ ነው፣ በማሽን አይላክም ያለውም፣ ነፍስ በአካል አትወሰንም፣ ቀድማ ደርሳ ትጠብቀዋለች ያለችውም ተደማመጡ። እንዲያውም የሁለቱ መልስ አንድ ጎን ቆሞ ነው ፎቶ ኮፒውን የተከራከረው። «አንተ የምታወራው ስለ ወረቀት ነው» አሉት።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ ፍልስፍና የመጣው ከገንዘብ እጥረት ነው። የፊልሙ ሠሪዎች ግዙፏ መርከብ በየሳምንቱ አዲስ ፕላኔት ላይ ስታርፍ ማሳየት በጀታቸው አልቻለም። ብልጭ አድርጎ ሰውን ማውረድ ረከሰላቸው። ይህን ስነግራቸው የክበቡ ገንዘብ ያዥ በረጅሙ ተነፈሰችና «እንግዲህ እኛም ከበጀታችን አንድ ፍልስፍና ይወጣን ይሆናል» አለች።

ታሪኩ እንዲህ ይቀጥላል። መርከቧ ሩቅ ሳለች ክሊንጎን ከሚባሉት ጠላቶች ጋር ጦርነት ይነሳል። መሐንዲሱ ስኮት ላኪውን ያሻሽልና የስፖክን ግልባጭ ወደ ሩቅ ፕላኔት ለመላክ ይሞክራሉ። ኦሪጅናሉ ከመርከቧ ላይ ሊቀር ነው ሐሳቡ። ነገሩ ይበላሻል። ማሽኑ ሲከፈት ሁለት ስፖክ ቆሟል። ሁለቱም እኔ ነኝ እውነተኛው ይላሉ። ካፒቴን ኪርክ አንዱን መምረጥ አለበት።

እዚህ ላይ ከመንትዮቹ አባሎቻችን አንዱ እጁን አወጣ። (የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ዓመቱን ሙሉ አልለየኋቸውም።) «ለምን እናቱን አይጠሩም?» አለ። ስፖክ እናቱ የምድር ሰው፣ አባቱ የቮልካን ሰው ነው። «እኛን እናታችን ጓዳ ሆና በሳላችን ትለየናለች። ኪርክ ጓደኛው ሆኖ ይህን ያህል ዓመት አብሮት ኖሮ አንድ ሳል አያውቅለትም?» ስለ ኪርክ የተሰነዘረ ከዚህ የባሰ ትችት አልሰማሁም። እኔም እስማማለሁ። በመጽሐፉ ውስጥ ኪርክ ከስሙና ከማዕረጉ ያለፈ ሰው አልሆነልኝም። ብሊሽ የሚጽፈው ስለ ችግሩ እንጂ ስለ ሰዎቹ አይደለም።

ችግሩን ግን አሳምሮ ነው የሚጽፈው። አንደኛው ስፖክ የመስተዋት ምስል ሆኖ ይገኛል፤ ቀኝና ግራው እስከ ውስጥ ድረስ የተገለበጠ። የኬሚስትሪ መምህርታችን አንድ ረቡዕ መጥተው ይህን አስረዱን። ጥንድ ጓንት ይዘው መጡና የግራውን በቀኝ እጅ እንድናጠልቅ አዘዙን። አልገባም። ሞለኪውልም እንደ ጓንት ቀኝና ግራ አለው አሉ። ይህን ሉዊ ፓስተር በ1848 እ.ኤ.አ. ጥቃቅን ክሪስታሎችን አንድ በአንድ በመለየት አሳይቷል። ሰውነታችን ፕሮቲን የሚሠራበት አሚኖ አሲድ የግራው ዓይነት ነው። ከዚያ ከግቢያችን የተቀጠፈ ናና አወጡና አስሸተቱን። ሽታው የሚመጣው ካርቮን ከሚባል ሞለኪውል ነው። ያው ካርቮን ሲገለበጥ ግን ሽታው ናና መሆኑ ይቀርና ካራዌይ የሚባለውን የፈረንጅ ቅመም ይሆናል። ናናው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጠወለገ። የመጨረሻዋ ልጅ ጋ ሲደርስ እንትፍ ሊባል የደረሰ እርጥብ ነገር ነበር፤ እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና አሸተተችው።

«እና የተገለበጠው ሰውዬ የመርከቧን ምግብ ቢበላ አይጠቅመውም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። አዎ ተባለች። «ውይ! እየጠገበ በረሃብ ሊሞት ነው!» መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው። ግልባጩ ላቦራቶሪ ገብቶ በሩን የዘጋው ለሰውነቱ የሚሆን ምግብ ለመሥራት ነው። ያን ቀን ስድስት ልጆች የሰጡትን ነጥብ ከፍ አደረጉ። አንዷ እንዲያውም ለግልባጩ አዘነችለት። «ማን ፈጥሮት ነው መሞት አለበት የሚባለው?» የሚለው ጥያቄዋ ወረቀቷ ላይ ሦስት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ኡሁራን በተመለከተ ቅሬታ አለ። የመርከቧ የመገናኛ መኮንን ጥቁር ሴት ናት፤ ስሟም «ኡሁሩ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል፣ ነፃነት ማለት ነው፣ የመጣ ነው። ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ብዙ ጠበቁ። ከጠበቁት ያገኙት ትንሽ ነው። ተዋናይቷ ኒሼል ኒኮልስ ከፊልሙ ልትወጣ ስትል ማርቲን ሉተር ኪንግ እንድትቆይ እንዳግባባት ራሷ ተናግራለች። ይህን ስነግራቸው አንዷ «ታዲያ ብሊሽንም የሚያናግረው ሰው ጠፋ?» አለች።

ኅዳር ላይ ክበባችን ይሳሳል። ቡና ለቀማ ነው። ከገጠር የሚመጡት ልጆች ቅዳሜና እሑድን ብቻ ሳይሆን ረቡዕንም ይወስዱታል፤ እኔም አልወቅሳቸውም። ክፍል ሦስትን የያዘችው ልጅም ፖስታውን እንደያዘች ወደ ጎማ ወረዳ፣ ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች። ተመልሳ መጣች፤ ፖስታው ግን አልመጣም። «አያቴ ቤት ነው፣ ስፖክ ይሙት!» አለች።

ምን ይደረግ? የክፍል ሁለት መጨረሻ ላይ ሁለት ስፖክ አለ። ክፍል አራት ሲጀምር ነገሩ ሌላ ቦታ ደርሷል። በመሃል ያለውን ራሳችሁ ጻፉት አልኳቸው። 11 ልጆች ቀርተው ነበር። ሁለት ወር ፈጀባቸው፤ 40 ገጽ በእጅ ጽሑፍ ወጣው። በእነሱ ክፍል ሦስት ኡሁራ ሁለቱንም ስፖኮች ቡና አፍልታ ታስጠራቸዋለች። እውነተኛው አንደኛውን ስኒ በቀኝ እጁ ይቀበላል። ሌላኛው ግራውን ይዘረጋል፤ ወዲያው ያፍርና ይሰበስበዋል። እናቱም ትመጣለች፣ መንትዮቹ አትቀርም ብለው። እኔ ለሁለት ሳምንት ዝም ብዬ አረምኩ። ቋንቋው አልፎ አልፎ ይሰባበራል። ሰዎቹ ግን ከብሊሽ ሰዎች ይልቅ ሰው ናቸው፤ ይህን የምለው አስተማሪያቸው ስለሆንኩ ብቻ አይደለም።

ግንቦት ሲጋመስ ዋናው ክፍል ሦስት ከጎማ መጣ። ጠርዙ ላይ የቡና ገለባ ተለጥፎበታል፤ አንድ ገጽ ላይም የስኒ ክብ ምልክት አለ። አያቷ አንብበውት ይሆን ብለን ብዙ ሳቅን። ይነበብ ወይ ብዬ ድምፅ አሰጠሁ። አምስት ይነበብ አሉ፣ ስድስት አይነበብ አሉ። አይነበብ ያሉት «እንዴት እንደሆነማ እኛ እናውቃለን» ነው መልሳቸው። አምስቱ ተደብቀው አንብበውታል፤ ፊታቸው ያስታውቃል።

ሰኔ ላይ መጽሐፉን ለማስጠረዝ ሰበሰብኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሌላ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ማኅተማቸውን አነሱ፤ ሁለቱን ሦስተኛ ክፍሎች ጎን ለጎን አድርገው አገላበጧቸው።

«የትኛው ላይ ልምታ?» አሉኝ።