ኦገስት 15ን ተወው

ዳኒ፣

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። የስድብህን ግማሽ አሁን ዋጥ አድርገው፤ ግማሹን ስንገናኝ ታወርድብኛለህ። ጋሼን ፖንዛ ወደምትባለው የጣሊያን ደሴት ወስደህ ራስ እምሩ የተጋዙበትን ቤት ልታሳያቸው ማሰብህን የነገርከኝ የድምፅ መልእክትህ ከደረሰኝ ወራት አልፈዋል፤ "ነገ እመልስለታለሁ" እያልኩ ነገ አላልቅ አለኝ። ይቅርታ። በቅቷል እንበል፤ ምክንያቱም እንቅልፍ የነሳኝ ትናንት የላክኸው የትኬት ፎቶ ነው።

ጋሼን ይዘህ ፖንዛ? በኦገስት 15? ደርሶ መልስ በአሊስካፎ፣ በዚያ ፈጣን ጀልባ? አንተ ልጅ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አበሻ ሁሉ እያለ የሚመክርህ ሰው ጠፋ?

መጀመሪያ ቀኑን ቀይር። ኦገስት 15 ፈራጎስቶ ነው፤ ጣሊያን ሁሉ ወደ ባሕር የሚወርድበት ቀን። መርከቡ ይሞላል፣ ደሴቱ ላይ መቀመጫ አይገኝም፣ የመመለሻው ካመለጣችሁ ደግሞ ማደሪያ ብትለምንም የሚሰጥህ የለም። ጋሼስ ፍልሰታን እንደሚጾሙ ረሳኸው? ከኦገስት 22 በኋላ አንዱን ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ያዝ፤ ሁለቱንም ትገላገላለህ።

የመርከብ መነሻህን ፎርሚያ ወደብ ማድረግህ ጥሩ ነው። ግን ልብ በል፤ ከሮማው ተርሚኒ ጣቢያ ወደ ናፖሊ የሚሄዱት የክልል ባቡሮች ሁለት መንገድ አላቸው፣ አንዱ በፎርሚያ ሌላው በካሲኖ ከተማ። ሰሌዳው ላይ "ናፖሊ" የሚለውን ብቻ አይተህ ዘለህ ከገባህ ተራራ ለተራራ ስትዞር ትውላለህ። የወረቀት ትኬት ከያዝክ ከመሳፈርህ በፊት ማሽኑ ላይ አስመታው፤ ካልተመታ ቅጣት አለው። ባቡሩ አንድ ሰዓት ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ከጣቢያው ወደብ ቁልቁለት ስለሆነ ሲሄዱ ጋሼ አይቸገሩም። ስትመለሱ ግን ያው መንገድ ዳገት ነው፤ ታክሲ ያዝ እንጂ አትከራከር።

አሁን ዋናው። አሊስካፎ ከሆዱ በታች ክንፍ አለው፤ ፍጥነት ሲያገኝ ከውኃው ብድግ ብሎ በክንፉ ይሄዳል። አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ውስጥ ፖንዛ የሚያደርሰው ለዚህ ነው፤ ማዕበል ሲነሳ ቀድሞ የሚሰረዘውም ለዚሁ ነው። ትራጌቶው፣ ተራው መርከብ ማለቴ ነው፣ መኪና ሳይቀር ስለሚጭን ከባድ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል፣ ግን አሊስካፎው በቀረበት ቀንም ሊሄድ ይችላል። በበጋ ነፋሱ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ባሕሩ ረጋ ሲል ጠዋት በአሊስካፎ ሂዱ፣ ማታ በትራጌቶ ተመለሱ። ትኬቱን ደርሶ መልስ አትቁረጥ፤ ለየብቻ ቁረጠው። የመጨረሻውን መርከብም አትያዝ፤ ከመጨረሻው በፊት ያለውን ያዝ፣ ቢሰረዝ አንድ ይቀርሃል።

የፖንዛ ወደብ በምሥራቅ በኩል ክፍት ነው። ሌቫንተ የሚሉት የምሥራቅ ነፋስ ሲመጣ መርከቡ መጠጋት ራሱ ይቸግረዋል፤ ሰማዩ ጠራ ብለህ አትታለል። ጠዋት ትኬት ቢሮው መስኮት ላይ "ፓርተ?" ብለህ ጠይቅ፤ ይነሳል ወይ ማለትህ ነው። የማታውንም ያኔውኑ ጠይቅ።

አሊስካፎ ውስጥ ጋሼን ከፊት አታስቀምጣቸው፤ የሚዘለው አፍንጫው ነው። ከመሃል ወደ ኋላ፣ አድማሱ በሚታይበት መስኮት አጠገብ ይሁኑ። ስልክ አያንብቡ። የባሕር ሕመም ክኒን ከጉዞው ግማሽ ሰዓት በፊት ይወሰዳል እንጂ ማቅለሽለሽ ከጀመረ ወዲያ ብዙም አይረዳም። ግላኮማ ወይም የፕሮስቴት ችግር ካለባቸው ግን ሐኪም ሳትጠይቅ እንዳትሰጣቸው፤ እንቅልፍም ያመጣባቸዋል። ስትወርዱ አትጋፉ። መሻገሪያዋ ጠባብና የምትወዛወዝ ስለሆነች ሰዉ ይለቅላችሁ፣ ከዚያ መርከበኛው እጃቸውን ይይዝላቸዋል።

ደሴቱ ላይ ኪያያ ዲ ሉናን ከላይ አሳያቸው፤ መቶ ሜትር የሚሆን ነጭ ገደል ነው። ወደ ታች የሚያወርደው የሮማውያን ዋሻ በድንጋይ ናዳ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ የኖረ ስለሆነ አትድከሙ። ካላ ፌኦላ ያሉትን የተፈጥሮ መዋኛዎች ብቻህን ስትመጣ ታያቸዋለህ፤ ደረጃው ለሳቸው ጉልበት አይሆንም።

ምሳ ላይ ደግሞ ይሳቁ። ደሴቲቱ ከምትኮራባቸው ሾርባዎች አንዱ የቺቸርኪያ ነው። ቺቸርኪያ ምን መሰለህ? ጓያ! ያው የኛው ጓያ። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያሳድሩታል፣ ውኃውን ይቀያይሩታል፣ ከዚያ ከወይራ ዘይት ጋር ቀስ ብሎ ይበስላል። ጋሼ "ልታሽመደምደኝ ነው?" እንደሚሉህ ይታየኛል። ሰው የሚጎዳው ለወራት ጓያ ብቻ ሲበላ እንጂ በአንድ ሳህን አይደለም በላቸው። አሳማ ሊጨምሩበት ስለሚችሉ ግን ቀድመህ ጠይቅ።

ቤቱን በተመለከተ... እውነቱን ልንገርህ፣ መልስ ያዘገየሁብህ አንዱም በሱ ነው። ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ ላይ በ1929 ዓ.ም. በጣሊያኖች ከተማረኩ በኋላ ፖንዛ መጋዛቸውን ጋሼ ካንተም ከኔም አብልጠው ያውቁታል። ሐምሌ 1935 ላይ ሙሶሊኒ ራሱ ተይዞ እዚያው መምጣቱን፣ 60ኛ ልደቱ እዚያ እንደዋለ፣ ያሳረፉትም ራስ እምሩ በነበሩበት ቤት ነው መባሉንም ያውቃሉ። የፈራሁት ከአሜሪካ ድረስ መጥተው ሙዚየም እንዳይጠብቁ ነው። ሳንታ ማሪያ በሚባለው ሰፈር ከውጭ አይቶ መመለስ እንደሆነ አድርገህ ከአሁኑ ንገራቸው። ይሄን በስልክ ልልህ አስቤ አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ ደስታቸውን በድምፅህ ሰምቼዋለሁና። ከወደቡ ወደዚያ በእግር ከሩብ ሰዓት አያንስም፤ አውቶቡስም አለ። በቀጥር አትውሰዳቸው፣ እንደደረሳችሁ ይሁን፤ ጥላ ባለበት ትንሽ ይቀመጡ፣ አንተም አታጣድፋቸው። የቀረው ጊዜ የሳቸው ነው።

ትኬቱን ቀይረህ የማታውን መርከብ ሰዓት ዛሬውኑ ላክልኝ። ፎርሚያ ወደብ እጠብቃችኋለሁ። የጋሼን ዱላ እንዳትረሳ፤ የሚታጠፈውን ሳይሆን ደህናውን።