ቦዲ አልታደሰችም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እሑድ በካሊፎርኒያ ስለምትገኘው ባዶ የወርቅ ከተማ ስለ ቦዲ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደስ ብሎኛል፤ አንድ ቃል ግን አላስተኛኝም። «የታደሰች ከተማ» ትላላችሁ። እኔ አናጺ ነኝ፤ እዚሁ ካሊፎርኒያ ውስጥ እንጀራዬን የማገኘው አሮጌ የእንጨት ቤቶችን በመጠገን ነው። ቦዲን ሦስት ጊዜ አይቻታለሁ። አልታደሰችም። እዚያ የሚለፋው እንዳትታደስ ነው።

ግዛቱ ከተማዋን በ1962 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፓርክ ካደረጋት ወዲህ ቤቶቹ እንደተገኙ እንዲቆዩ ይደረጋል። ጣሪያው እንዳያፈስ ይከደናል፣ መሠረቱ ይደገፋል፣ የተሰበረ መስታወት ይተካል። ቀለም ግን አይቀባም፤ የዘመመውም እንደዘመመ ይኖራል። ስዌዚ የሚባለው ሆቴል ወደ ጎን አዘንብሎ በሞራሌ ተደግፎ ቆሟል። እኔ ቱንቢ ያልጠበቀ ግድግዳ ሳይ እጄን ያሳክከኛል፤ ሳያቃኑ መደገፍ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው። አፍርሶ አዲስ መሥራት ከዚህ በእጅጉ ይቀላል። ስለዚህ «የታደሰች» የሚለውን እባካችሁ አርሙልኝ።

እንጨቱ ራሱ ታሪክ አለው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ፣ ነፋስ የሚገርፈው፣ ከቁጥቋጦ በቀር ዛፍ የማይታይበት ነው። ለማገዶና ለግንባታ የሚሆን እንጨት ከሞኖ ሐይቅ በስተደቡብ ካለው ደን ለማምጣት ሲሉ በ1881 ወደ 50 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ። አንዳንዱ ግድግዳ በተቀደደና በተዘረጋ ጣሳ የተለበጠው ጣውላ ቢወደድባቸው ይመስለኛል።

«ወርቁ አልቆ ሕዝቡ በአንድ ሌሊት ጥሏት ሄደ» የሚለውም ልክ አይደለም። በ1859 ወርቁን ያገኘው፣ ከተማዋም በስሙ የተጠራችለት ቦዲ፣ ወራት ሳይቆይ ስንቅ ይዞ ሲመለስ በበረዶ ማዕበል ሞተ፤ ከተማዋን አላያትም። ሕዝብ የጎረፈው በ1870ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1880 ገደማ ከ7 እስከ 10 ሺህ ሰው፣ 2,000 ያህል ቤትና ከ60 የሚበልጡ መጠጥ ቤቶች ነበሯት። ወርቅ ፈላጊው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ማዕድን ነጎደ፤ ከተማዋ ግን ከዚያ በኋላ 60 ዓመት አጣጥራለች። እንዲያውም በ1892 ከ20 ኪሎ ሜትር ርቀት የውሃ ኃይል ኤሌክትሪክ አስመጥታ ወርቅ መፍጫዋን አንቀሳቅሳለች። ኤሌክትሪኩ ጥምዝ ላይ እንዳያመልጥ ተፈርቶ መስመሩ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ ይባላል፤ እውነት ይሁን አይሁን ይህን በሰማሁ ቁጥር እስቃለሁ። በዚያው ዓመትና በ1932 የተነሡ ቃጠሎዎች ብዙውን ቤት በልተው ዛሬ የቀረው ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ነው። በ1942 መንግሥት በጦርነቱ ምክንያት የወርቅ ቁፋሮን ሲያግድ ሥራው አበቃ፤ ፖስታ ቤቱም በዚያው ዓመት ተዘጋ። የተረፈው የተረፈው ደግሞ አብዛኛውን መሬት የያዘው የኬይን ቤተሰብ ዘበኛ ስለቀጠረ ነው። ጽሑፋችሁ ይህን ቤተሰብ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣም።

«እርግማኑን» ግን በሰፊው ጽፋችኋል። ሰዎች የወሰዱትን ሚስማርና የጠርሙስ ስባሪ ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር በፖስታ እንደሚመልሱ እውነት ነው። ወሬውን የፈጠሩት ራሳቸው የፓርኩ ጠባቂዎች ናቸው ይባላል፤ ለሌባ ማስፈራሪያ። እኔም ተፈትኛለሁ። በሁለተኛው ጉዞዬ ሣር ውስጥ አንድ የዛገ፣ ባለ አራት ማዕዘን ሚስማር አየሁና አነሣሁት። ራሱ ላይ የመዶሻ ምት የለበትም፤ ማንም መትቶት አያውቅም። መልሼ ካነሣሁበት አኖርኩት። ዓምና ስመለስ እዚያው ቦታ ተንበርክኬ ፈለግኩት፤ አጣሁት።

አናጺው አንባቢያችሁ
ከሳክራሜንቶ