የጣና ወሰን በመስከረም ይለካልን

ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር
ባሕር ዳር

የሐይቁ ዳርቻ ልማት ሲታቀድ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንዲወሰን እንጠይቃለን፦ የጣና ወሰን የሚለካው ውኃው ሞልቶ ባለበት ወቅት ይሁን።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ እንኳ 15 ሜትር አካባቢ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የክረምቱን ጎርፍ ሲያስገቡ እስከ መስከረም ይሞላል፤ ከዚያ እየጎደለ ሰኔ አካባቢ ዝቅተኛው ከፍታ ላይ ይደርሳል። ልዩነቱ በተለመደ ዓመት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ቁጥሩ ያንሳል፤ መሬቱ ለጥ ባለበት ግን ውኃው እጅግ ርቆ ይሸሻል። ግንቦት ላይ የተተከለ ችካል ባሕር ሸሹን፣ ማለትም ውኃው ሲጎድል የሚጋለጠውን መሬት፣ በሙሉ የባለይዞታ መሬት ያደርገዋል። አፈር ይሞላበታል፣ ግንብ ይቆምበታል፤ መስከረም ላይ ውኃው ወደ ቦታው ሲመለስ ደግሞ «ጎርፍ መጣ» ይባላል።

የአንድ ዓመት መስከረምም ብቻውን አይበቃም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ቦታ የጨራ ጨራ ግድብ በሮች ይቆጣጠሩታል፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ ውኃ ይወስዳል። ስለዚህ የብዙ ዓመታት የከፍታ መዝገብ ይታይ፤ ከፍተኛው ልክ በቀያሽ መሣሪያ ወደ መሬት ይውረድና ችካሉ ከዚያ በላይ ይተከል።

ይህን አጥብቀን የምንለው ደንገሉ የሚኖረው በዚሁ በሚሞላና በሚጎድል ጠርዝ ላይ ስለሆነ ነው። ከከተማው የሚወርደውን ደለል የሚይዘው እሱ ነው፤ ዓሣም ይጠለልበታል። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሠሪዎች ቆርጠው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ በጥቅል በጥቅሉ አስረው ታንኳ ያደርጉታል። ግንዱ ቢታጨድ ሥሩ እስካለ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ በዶዘር ከተገፋ ወይም አፈር ከተደፋበት ግን አለቀለት። የደሴት ገዳማቱን ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን በቅርስነት እየቆጠርን ለዘመናት ወደ ደሴቶቹ ሰው ያሻገረውን ታንኳ መሥሪያውን መንሳት አይገባም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበው ከነዳርቻው ነው።

እምቦጭ ሲነቀልም ባሕር ሸሹ ላይ መከመሩ ይቅር። ከቁራጩ መልሶ ይበቅላል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ክረምት ሲገባ ክምሩን ሐይቁ መልሶ ይወስደዋል። ሳያብብ ተነቅሎ፣ ከከፍተኛው የውኃ ልክ በላይ ተጓጉዞ ይድረቅ።

ወሰኑ እስኪለካ ድረስ በዳርቻው ላይ አዲስ የግንባታ ፈቃድ እንዳይሰጥ፣ ልኬቱም ሲያልቅ ካርታው ለሕዝብ እንዲለጠፍ በአክብሮት እንጠይቃለን።