ልጅ የእናቱን ሕመም ለምን ያስተርጉም?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በከተማችን ድሬዳዋ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ተራዬን ስጠብቅ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ከሶማሊኛ በቀር የማትናገር እናት ዐሥር ዓመት የማይሞላውን ልጇን ይዛ ገባች። የምርመራ ክፍሉ በር አልተዘጋም። ባለሙያዋ በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ልጁ ያስተረጉማል። ጥያቄው የወር አበባ ላይ ሲደርስ ልጁ ዝም አለ፤ እናቲቱም ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። በመጨረሻ ልጁ «ሆዷን ነው የሚያማት» ብሎ ገላገላቸው።

የመጋላ ሰፈር ልጅ ነኝና ሶማሊኛን ከጎረቤት ለምጄዋለሁ። አስፈቅጄ ገባሁ፣ ልጁን አስወጣሁ፣ በሩን ዘጋሁ። «አባዮ» (እኅቴ) ብላ እጄን ያዘችኝ። የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም፤ የሆድ ሕመም ግን አልነበረም።

ባለሙያዋን አልወቅስም። ከሌላ አካባቢ ተመድባ የመጣች ትሑት ልጅ ናት፤ ቋንቋውንም ሆነ የሴቲቱን ይሉኝታ ያስተማራት የለም።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣውን ባቡር ተከትላ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የባቡሩ ሥራ በፈረንሳይኛ ይካሄድ ስለነበር አባቴና ጓደኞቹ ቋንቋውን እዚያው ሥራው ላይ ተማሩት። ለገሃሬ የምንለው ሰፈር ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ለእንጀራ ብለን የባሕር ማዶ ቋንቋ የተማርን ሰዎች፣ ግድግዳ ለሚጋራን ጎረቤት ሶማሊኛና አፋን ኦሮሞ መማር እንዴት ከበደን?

በከፊራ ገበያ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ደንበኛዋን በመጣበት ቋንቋ ታነጋግራለች። ሥልጠና የሰጣት የለም፤ ካላነጋገረችው ወደሚቀጥለው መደብ እንደሚሄድባት ታውቃለች። በመንግሥት መስኮት የተቀመጠ ሠራተኛ ግን ባለጉዳዩ ገባውም አልገባውም ደመወዙ አይቀርበትም።

«አብዛኛው ሰው አማርኛ ያውቃል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው። የማያውቀው ግን ማን እንደሆነ ይታሰብ፤ ከቤት ብዙ የማትወጣ፣ ከገጠር የመጣች፣ ሕመሟን እስከ መጨረሻው ችላ የምትመጣ ሴት ናት።

ስለዚህ ለጤና ጣቢያ፣ ለቀበሌና ለፍርድ ቤት የሚመደብ ሠራተኛ ቋንቋውን በሥራ ሰዓት እንዲማር፣ ለሚያውቅም አበል እንዲታሰብለት የከተማችንን አስተዳደር እጠይቃለሁ። እስከዚያው ግን ሴት አስተርጓሚ ይቀመጥ። እኔ በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት ጠዋት ያለ ክፍያ ለማስተርጎም ዝግጁ ነኝ፤ የሰፈሬ ሁለት እናቶችም እሺ ብለውኛል።

የመጋላ ነዋሪ
ከድሬዳዋ