የእርዳታ ኮንሰርት ሂሳብና ማይክ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለተቸገሩ ወገኖች ኮንሰርት ለሚያሰናዱ ወጣቶች አንድ ምሳሌ እንጠቁም፦ አሜሪካዊው የሃርድኮር ፓንክ (ፈጣንና ጩኸታም የሮክ ሙዚቃ) ድምፃዊ ኢያን ማካይ። በ1980 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ ዲስኮርድ የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ከባንድ ጓደኛው ጋር መሠረተ። በ1987 የተቋቋመው ባንዱ ፉጋዚ መግቢያውን 5 ዶላር አካባቢ ይዞ በከተማው ለእርዳታ ደጋግሞ ተጫውቷል። አምባሰልና ባቲ ለለመደ ጆሮ ሙዚቃው ጩኸት ነው፤ ሂሳቡ ግን ጩኸት የለበትም።

እኛ ዘንድ ገንዘቡ የሚያልቀው መድረክ ላይ ነው። የድምፅ መሣሪያ ኪራይ በቁርጥ ዋጋ፣ በጽሑፍ፣ ቲኬት ከመታተሙ በፊት ይታሰር። ቲኬቱ ተከታታይ ቁጥር ይኑረው፤ የሸጠው ሰው አይቁጠር፤ ጉርዱና ብሩ እዚያው ሌሊት በሦስት ሰው ፊት ይመሳከር።

ሌላው ማይክ ነው። ድምፃዊ የማይኩን ወንፊት በመዳፉ ሲሸፍን፣ ማይኩ ከኋላው የሚመጣውን ድምፅ መከልከል ያቅተውና ሞኒተሩ (ድምፃዊው ራሱን እንዲሰማ ወደ እሱ የዞረው ስፒከር) ያፏጫል። ባለሙያው ድምፁን ይቀንሳል፤ የእርዳታው ጥሪ ሳይሰማ ይቀራል። እጅ ከወንፊቱ በታች ይሁን፤ ሞኒተሩም በማይኩ ጀርባ አቅጣጫ ይቀመጥ።

የድምፅ ባለሙያዎች፣ ከደሴ